የፈረስ ስም በአባት፥ የፈረስ ዘር በእናት

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋት «ፈረስ አጎቴ ነው» ብላ መለሰች ይባላል። ይህ ተረት ከትልቁ እስከ ትንሹ የታወቀ ሲኾን፥ የአባቱን ወገን ሸሽጎ በእናቱ ወገን ብቻ የሚመካውን ሰው ለመዝለፍ የሚነገር ነው። ሰሚውም የሚስቀው በበቅሎዪቱ ላይ ነው፤ አባቷ አህያ መኾኑን የማያውቅ የለምና መልሷ እንደ ሽሽት ይቈጠርባታል። ነገር ግን በዚህ ዘመን የእንስሳትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከአንዲት በቅሎ ጋማ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ጥቂት ጠጕር ወስደው፥ በእናት በኩል ብቻ የሚወርደውን የዘር ጽሑፍ ቢያነቡት፥ የሚያገኙት የፈረስ ጽሑፍ ነው እንጂ የአህያ ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ በሊቃውንቱ ሸንጎ የታየ እንደ ኾነ፥ የበቅሎዪቱ ቃል ሐሰት ተብሎ የሚጣል አይኾንም።

ይህን ነገር ለማስተዋል የጣና ባሕር ዳርቻ የተመቸ ስፍራ ነው። ከጎጃምና ከበጌምድር ደጋ የሚወርደው መንገድ ከባሕሩ ሲደርስ፥ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሻገረው መነኵሴና ካህን በቅሎውን ከዳር ትቶ ወደ ታንኳ ሲገባ ብዙ ዘመን ኖሯል። በባሕር ዳር ከተማም ፈረስ ጋሪ ሲስብ፥ አህያ እህልና እንጨት ተሸክማ ወደ ገበያ ስትገባ ታይተዋል። ፈረሱና አህያዪቱ፥ ከኹለቱም የተገኘችው በቅሎ፥ ባንድ መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ የያንዳንዳቸው እናት ከወዴት እንደ መጣች ለመጠየቅ ግን የቆመ መንገደኛ ብዙ አልነበረም።

እንዲያውም ያገራችን የክብር ልማድ ከዚህ ጥያቄ ፊቱን ያዞረ ነው። መኳንንቱ በጦር ሜዳና በግብር አዳራሽ የሚወደሱበት ስም የፈረስ ስም መኾኑን ኹሉ ያውቃል። ከጣና በስተምዕራብ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ተብለዋል። በዚህ አጠራር ጌታው የፈረሱ አባት ኾኖ ይጠራል፤ ፈረሱም ድንጉላ ነው። ለድንጉላው ስም ይወጣለታል፤ አዝማሪ ያወድሰዋል፤ ግላሱና ልጓሙ በብር ያጌጣል። ያን ድንጉላ ዐሥራ አንድ ወር በሆዷ ተሸክማ የወለደችው ባዝራ ግን በስም የምትታወቀው በጥቂቱ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ በአባትም በእናትም የሚቈጥር ሕዝብ፥ የፈረሱን የእናት እናት ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም።

መጽሐፈ ነገሥትን ያነበበ ካህን በዚህ ይደነቅ ይኾናል። የይሁዳ ነገሥታት ታሪክ ሲዠመር፥ የንጉሡ ዕድሜና የነገሠበት ዘመን ከተነገረ በኋላ የእናቱ ስም ተለይቶ ይጻፋልና። ወንጌላዊው ማቴዎስም በአባት የሚወርደውን ትውልድ ሲቈጥር፥ ትዕማርንና ረአብን፥ ሩትንና የኦርዮንን ሚስት ሳያነሣ አላለፈም። እናትን ከትውልድ መዝገብ ማግባት ለሊቃውንቱ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ እንግዳ ኾኖ የቈየው በጋጣው በር ነው።

አኹን ወደ ምርመራው እንመለስ። የእንስሳ ሰውነት ዐይን በማያያቸው እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ እንደ ረዥም ጽሑፍ በአራት ዐይነት ፊደላት ብቻ የተደረደረ ነገር አለ፤ የፍጥረቱ መልክና ጠባይ የሚወረሰው በዚህ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል በሕዋሱ እንብርት ውስጥ ሲኾን፥ እኩሌታው ከአባት፥ እኩሌታው ከእናት የመጣ ነው። ይህም በየትውልዱ እየተቀላቀለ ስለሚሄድ የጥንቱን መስመር ለይቶ መከተል አስቸጋሪ ይኾናል። ነገር ግን ከእንብርቱ ውጭ ሚቶኮንድርያ የሚባሉ፥ ለሕዋሱ ኀይል የሚያዘጋጁ፥ እንደ ምድጃ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እነዚህም የራሳቸው አጭር ጽሑፍ አላቸው። ፅንስ በሚኾንበት ጊዜ የአባቱ ዘር ይዞት የሚመጣው ሚቶኮንድርያ ጠፍቶ፥ በእናቲቱ እንቍላል ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ይህ አጭር ጽሑፍ ከእናት ወደ ልጅ ሳይቀላቀል ይወርዳል። ወንዱም ልጅ ከእናቱ ይቀበለዋል፤ ለልጆቹ ግን አያወርስም። የሴቲቱ ልጅ ብቻ ለልጆቿ ታሳልፈዋለች።

የፈረስ የእናት ጽሑፍ ርዝመቱ 16,660 ፊደል ያህል ነው። በእንብርቱ ውስጥ ካለው ጋር ሲመዛዘን ከትልቅ መጽሐፍ አጠገብ እንደ ተቀመጠ አንድ ትንሽ ቅጠል ነው፤ ግን ስላልተቀላቀለ ለትውልድ ምርመራ ዋጋው ታላቅ ነው።

ምርመራው የሚካሄድበትን ዘዴ የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ከማናቸውም ነገር ይልቅ ያስረዳሉ። በዳጋ እስጢፋኖስ፥ በክብራን ገብርኤል፥ በጣና ቂርቆስና በሌሎቹም ደሴቶች ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍት ሲገለበጡና ሲጠበቁ ኖረዋል። መጽሐፍ ገልባጭ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ፥ ሌሊት በመብራት ሲጽፍ አንድ ፊደል ይለውጣል፤ ወይም ኹለት መስመሮች ባንድ ቃል ሲዠምሩ ዐይኑ ከላይኛው ወደ ታችኛው ወርዶ አንዱን ይዘለዋል። ከሱ መጽሐፍ የሚገለብጠው ደግሞ ያን ስሕተት ሳያውቅ ይቀበለዋል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ኹለት መጻሕፍትን ጐን ለጐን አድርገው ሲመለከቱ፥ በኹለቱም ውስጥ ያው አንድ መስመር ተዘሎ ቢያገኙ፥ ኹለቱ መጻሕፍት ከአንድ መጽሐፍ የተገለበጡ መኾናቸውን ያውቃሉ። አንዱ በጎንደር፥ አንዱ በሸዋ ቢገኝ እንኳ ዝምድናቸው አይሸሸግም። ልክ የኾነው ቃል ዝምድናን አያሳይም፤ ኹሉ ልክ ሊጽፈው ይችላልና። ዝምድናን የሚያሳየው በጋራ የተወረሰው ስሕተት ነው።

በእናት ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። ለውጡ እንስሳውን ሳይጐዳ ወደ ልጅ ልጆቹ ይወርዳል። አንድ ዐይነት ለውጥ የያዙ ባዝራዎች፥ አንዷ በአዊ ደጋ፥ አንዷ በባሌ ብትገኝ፥ ከአንዲት እናት መውረዳቸው ይታወቃል። ለውጦቹ በምን ያህል ዘመን እንደሚከማቹ በግምት ስለሚታወቅም፥ ኹለት ወገኖች መቼ እንደ ተለያዩ ማስላት ይቻላል።

በዚህ ዘዴ በሌሎች አገሮች የተገኘው ነገር የድሮውን አሳብ ብዙ አናውጦታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ የ652 ፈረሶችን የእናት ጽሑፍ አመሳክሮ፥ ዛሬ ያሉትን ለማስገኘት ቢያንስ 77 የዱር ባዝራዎች ወደ ሰው እጅ ገብተው መውለድ እንዳለባቸው ገለጸ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉውን የእናት ጽሑፍ ያነበቡ መርማሪዎች የፈረስን እናቶች በ18 ዋና ዋና ቅርንጫፎች ከፈሏቸው፤ የቅርንጫፎቹም የጋራ እናት ከ130 ሺህ እስከ 160 ሺህ ዓመት በፊት የኖረች መኾኗን አሰሉ። በአባት በኩል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በ2004 ዓ.ም. ከ15 ዐይነት ዘር የተወሰዱ 52 ድንጉላዎች፥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚወርደው ጽሑፍ በኩል በተነበበው ክፍል ውስጥ አንድም ልዩነት አልተገኘባቸውም።

የዚህ ምክንያት ለፈረስ ባለቤት ኹሉ ግልጥ ነው። አንድ የተመረጠ ድንጉላ በብዙ ባዝራዎች ላይ ይወጣል፤ የሌሎቹ ድንጉላዎች ዘር ግን ይቀራል። ፈረስ ያረቡ ሕዝቦችም ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲሄዱ ጥቂት ድንጉላ ይዘው፥ ባገኙት አገር ያለችውን ባዝራ ወደ መንጋቸው ይጨምሩ ነበር። በ2021 ዓ.ም. ከአሮጌ ዐፅም የተወሰደ የ273 ጥንታውያን ፈረሶች ጽሑፍ ተነቦ፥ የዛሬዎቹ ፈረሶች መነሻ በሩስያ አገር በታችኛው የቮልጋና የዶን ወንዞች መካከል መኾኑ፥ ከዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት 2 ሺህ ዓመት ገደማ በፍጥነት መስፋፋታቸው ታወቀ። በአውሮፓ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ዓመታት ከምሥራቅ የመጡ ድንጉላዎች ስለ ተወደዱ፥ የባላገሩ ድንጉላ መስመር በብዙ ዘር ውስጥ ጠፍቶ የእንግዳው መስመር ተተክቷል። የባላገሪቱ ባዝራ መስመር ግን በዚያው ቀርቷል። መልኩ የእንግዳ የኾነ ፈረስ በውስጡ የአገሩን እናት ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

የፈረስን ትውልድ በእናት የሚቈጥር ሕዝብ አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም። ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት የዐረብ በረኸኞች ኩሐይላን፥ ሰቅላዊ፥ ዑበያን እያሉ የሚጠሩትን የፈረስ ወገን የሚያወርሱት በእናት ነው። ውርንጭላው አባቱ ማንም ቢኾን በእናቱ ወገን ስም ይጠራል። በጦርነትም የሚጋልቡት ባዝራ ነበር። ባሕሩን የተሻገረ ሰው በአንዱ ዳር ድንጉላ በጌታው ስም ሲወደስ፥ በሌላው ዳር ባዝራ በእናቷ ስም ስትመሰገን ይሰማ ነበር። ሊቃውንቱ የነዚህን የዐረብ ባዝራዎች ጽሑፍ ሲያነቡ፥ በአንድ ወገን ስም የሚጠሩት ኹሉ ከአንዲት እናት ያልወረዱ መኾናቸው በአንዳንዱ ዘንድ ታይቷል። በእንግሊዝ አገርም ለሽቅድድም የሚረቡት ፈረሶች ትውልድ ከኹለት መቶ ዓመት በላይ በመዝገብ ሲጻፍ የኖረ ቢኾንም፥ የእናቶቹ ጽሑፍ ሲመረመር መዝገቡ ከእውነቱ ያልተስማማባቸው ቤቶች ተገኝተዋል። ጸሐፊ ይሳሳታል፤ ነጋዴም ውርንጭላ ይለውጣል። መዝገብ ካልኖረ ግን ስሕተቱን ለማወቅ እንኳ አይቻልም፤ ከማን ጋር ይመሳከራል?

ፈረስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ነው። ወደ ምስር አገር የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1700 እስከ 1500 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ ሲኾን፥ በስምንተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት የነበሩት የኩሽ ነገሥታት ፈረስን እጅግ ስለሚወዱ ከመቃብራቸው አጠገብ ያስቀብሩት ነበር። ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጋችን፥ ደግሞም ከዐረብ አገር በቀይ ባሕር በኩል የሚመጡት ኹለቱ በሮች ለረዥም ዘመን ክፍት ነበሩ። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፥ በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት፥ ፈረሰኛ የንጉሡ ሠራዊት ትልቅ ክፍል ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በጎንደር ሳለ፥ ጥሩር ለብሰው ከስናር ወገን በመጡ ትላልቅ ፈረሶች ላይ የሚቀመጡ ወታደሮችን አይቷል። የቈላው በሽታ ፈረስን ስለሚፈጅ፥ ዘሩ የሚጸናው ከፍ ባለው አገር ነው። የጣና ባሕር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፥ ፈረስ በብዛት የሚረባበት የአዊና የጎጃም ደጋ ከዚያ በላይ ይወጣል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ክፍል መድቧቸዋል። እነዚህም የአቢሲኒያ፥ የባሌ፥ የቦረን፥ የሆሮ፥ የከፋ፥ የሰላሌ፥ ዊልዋል የሚባለው የኦጋዴን፥ በምሥራቅ ሐረርጌም በኩንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩት የዱር ፈረሶች ናቸው። የሰሜኑ ደጋ ፈረስ አቢሲኒያ በተባለው ክፍል ይገባል። ይህ አመዳደብ የተደረገው በቁመት፥ በመልክና በአካል ልክ ነው። መልክ ደግሞ ከላይ እንደ ተባለው ከአባት ወገን በጥቂት ትውልድ ሊለወጥ የሚችል ልብስ ነው። ዳማው፥ ቦራውና አምባላዩ በመልክ ተለያይተው ከአንዲት እናት ሊወርዱ ይችላሉ፤ በመልክ አንድ የሚመስሉትም አንዱ በስናር በኩል፥ አንዱ በየመን በኩል ከመጣች ባዝራ ሊኾኑ ይችላሉ። የእናት ጽሑፍ የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያገለግለው በዚህ ነው። ዜና መዋዕል የማይናገረውን የንግድ መንገድ ባዝራዪቱ በሰውነቷ ይዛው ትዞራለች።

የባሕሩ ዳርቻ ለዚህ አንድ ምስክር አስቀድሞ ሰጥቷል። እንደ ፎገራ ያሉት ሻኛ ያላቸው የኢትዮጵያ ከብቶች በመልካቸው ከህንድ ወገን የመጡትን ከብቶች ይመስላሉ። የእናታቸው ጽሑፍ ሲነበብ ግን ሻኛ ከሌላቸው ከጥንታውያን የአፍሪካ ላሞች የወረዱ መኾናቸው ታየ። ሻኛው ከባሕር ማዶ በመጡ ኮርማዎች በኩል ገባ፤ ላሞቹ ግን የአገሩ ነበሩ። በፎገራ ሜዳ የቆመውን ከብት በዐይኑ ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ከወዴት ሊያውቀው ይችላል?

የአህያም ነገር ሊነገር ይገባዋል። በ2004 ዓ.ም. ከ52 አገሮች የተሰበሰቡ አህዮች በእናት በኩል ተመርምረው፥ ኹለት የእናት መስመር ብቻ እንዳላቸው፥ ኹለቱም ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የተነሡ መኾናቸው ታወቀ። በ2022 ዓ.ም. የወጣው ሰፊ ምርመራም አህያ ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ለማዳ እንደ ኾነ አስረዳ። የዱር አህያ ዛሬም በአፋር በረኻ በጥቂት ቍጥር ይገኛል። እንግዲህ ወደ በቅሎዪቱ ተረት ብንመለስ፥ የምታፍርበት አባቷ የዚህ ምድር ባላገር ነው፤ የምትመካበት አጎቷ ግን ከሩስያ ሜዳ ተነሥቶ በብዙ በር ዞሮ የገባ እንግዳ ነው። ተረቱን የሚተርቱት አባቶች ይህን ሰምተው ቢኾን ሣቃቸው በሌላ ወገን በኾነ ነበር።

ነገር ግን በበቅሎ ላይ የሚያስቅ ብቻ ሳይኾን የሚያሳስብም ነገር አለ። ፈረስ 64፥ አህያ 62 ክሮሞዞም የሚባሉ የዘር ክሮች ሲኖሯቸው፥ በቅሎ 63 ይኖሯታል። ክሮቹ ለመጣመር ስለማይስማሙ በቅሎ እጅግ ጥቂት ካልኾነ በቀር አትወልድም። ስለዚህ ከእናቷ የተቀበለችው ጽሑፍ በእሷ ያበቃል። ከስንት ሺህ ዓመት ዠምሮ ከባዝራ ወደ ባዝራ ሳይቋረጥ የወረደው መስመር፥ ባዝራዪቱ ዕድሜዋን ኹሉ ለአህያ ተሰጥታ በቅሎ ብቻ የወለደች እንደ ኾነ፥ በዚያች ጋጣ ይቆረጣል። የበቅሎ ርግዝና ዐሥራ ኹለት ወር ገደማ ስለሚወስድ፥ የአንድ በቅሎ ዋጋ የባዝራዪቱ አንድ ዓመት ነው።

በቅሎን የሚጠላ የለም። በገደል መንገድ ላይ እግሯ የጸና፥ በጥቂት መኖ የምትጠግብ፥ ለሽማግሌና ለካህን ለመቀመጥ የምትመች ናት። ዋጋዋም ከፈረስ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ገበሬው ባዝራውን ለአህያ ቢሰጥ ተሳስቷል ተብሎ አይነቀፍም፤ ልጆቹን የሚያለብሰው በዚያ ነው። በ2010ዎቹ ዓ.ም. የተደረጉት የመንግሥት ቈጠራዎች በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ፥ ወደ 4 መቶ ሺህም በቅሎ መኖሩን አመልክተዋል። ፈረሱ ብዙ ነውና ዘሩ አይጠፋም የሚል ይኖር ይኾናል። ይህ አነጋገር በእንስሳው ቍጥር ሲታይ ልክ ነው፤ በእናቶች መስመር ሲታይ ግን ልክ አይደለም። አንድ ሺህ ፈረስ ከዐሥር እናት ሊወርድ ይችላል፤ ከነዚያም ዐሥር አንዷ በአንድ አውራጃ ብቻ የቀረች ልትኾን ትችላለች። ገበያው የሚመርጠው ደግሞ ትልልቋንና ጠንካራዪቱን ባዝራ ነው፤ ጥሩ በቅሎ የምትወልደው እሷ ናትና። እንዲህ ከኾነ ከፈረስ ትውልድ አስቀድማ የምትወጣው ምርጧ ናት ማለት ነው።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። በአዊ፥ በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ከየቀበሌው ከተመረጡ ባዝራዎች ጋማ ከነሥሩ የተነቀለ ዐሥር ወይም ሃያ ጠጕር በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፥ በላዩ የባለቤቱ ስም፥ የባዝራዪቱ መልክና ዕድሜ፥ እናቷም ከየት መንደር እንደ ተገዛች ቢጻፍበት፥ ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ ይቀመጣል። እርጥበት ብቻ አይንካው። ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የግብርና ምርምር ተቋም በባሕር ዳር ይገኛሉ፤ ከከተማዪቱ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከል አለ፤ እሱም በፎገራ ከብት ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። ለላም የተደረገው ለባዝራ የማይደረግበት ምክንያት አይታይም። ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ፥ መስመሯ ያልተለመደ ኾኖ የተገኘች ባዝራ ያለው ገበሬ፥ አንዲት እንስት ውርንጭላ እስክትወልድ ድረስ ለድንጉላ እንዲሰጣት ማስረዳትና፥ በዚያ ዓመት ከበቅሎ ሽያጭ የሚቀርበትን መካስ ይቻላል። ከአንዲት ባዝራ አንዲት እንስት ከበቀለች መስመሩ ቀጥሏል፤ ከዚያ በኋላ እናቲቱ በቅሎ ብትወልድ ጕዳቱ አነስተኛ ነው።

እዚህ ላይ ልከኛ ለመኾን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የእናት መስመር የፈረሱ ትውልድ በሙሉ አይደለም። አንድ ፈረስ ወደ ኋላ አራት ትውልድ ቢቈጠር ዐሥራ ስድስት ቅድመ አያቶች ይኖሩታል፤ ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ አንዷ ብቻ ነው። ፍጥነቱም ኾነ ብርታቱ በዚህ አይታወቅም። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ፈረሶችም አንድ ዐይነት የእናት ጽሑፍ ሲይዙ ይገኛሉ፤ በሰሜን አውሮፓ ትንንሽ ፈረሶች ዘንድ እንደ ታየው ከአንድ አገር ጋር የተጣበቀ መስመር ሲገኝ ግን፥ ያ መስመር በዚያ አገር ለረዥም ዘመን ስለ መኖሩ ጥሩ ምስክር ይኾናል። ሙሉውን ታሪክ የሚፈልግ ሰው የእንብርቱንም ጽሑፍ ማንበብ አለበት። የእናቱ ጽሑፍ በርካሽና በፍጥነት የሚነበበው የመዠመሪያው ቅጠል ነው።

ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በእንጅባራ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲኾን፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የቆመ ነው። በዚያ ቀን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ፈረሶች ግላስ ለብሰው፥ በባለ ቀለም ጥለት ግንባራቸው አጊጦ በሜዳው ላይ ይሰለፋሉ፤ ጕግስ ይጫወታሉ፤ ሽማግሌው ወጣቱን ያስከትላል። ባለቤቶቹ በየቤታቸው ስም ተለይተው በአንድ ሜዳ ስለሚገኙ፥ ለጠጕሩም ለመዝገቡም ከዚህ የተሻለ ቀን በዓመቱ ውስጥ አይገኝም። ወንዱም ፈረስ የእናቱን ጽሑፍ ስለሚይዝ፥ ጋላቢውን «የፈረስህ እናት በማን ቤት ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ሜዳው ላይ ቢቀመጥ፥ በአንድ ቀን የብዙ መንደር ባዝራዎችን ሊያውቅ ይችላል። የሚጠራው ስም የፈረሱና የጌታው ነው። በዚያው ሰዓት የነዚህ ፈረሶች እናቶች በየመንደሩ መስክ ላይ ይግጣሉ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ ዘንድሮም በቅሎ አርግዘዋል።